የለቅሶ ቤቱ ስኳር

«ስኳሩ የት ገባ?»

የሚዛኑ እህት የጓዳውን መደርደሪያ ከፍታ፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። የወንድሟ ልጅ ከተቀበረች ወዲህ የለቅሶ ቤቱን ጓዳ የያዘችው እሷ ናት። ለቀስተኛው ሁሉ ስኳር ይዞ ነው የመጣው፤ ትናንት ማምሻውን እሽጉ እስከ ላይ ተደርድሮ ነበር። አሁን መደርደሪያው ላይ የቀረ ነገር ቢኖር ጉንዳን ነው።

ሚዛኑ የኋላው በር አጠገብ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ ደግፎ ቆሟል። የመጨረሻዎቹ እሽጎች ከኮቱ ስር ናቸው።

«አንተ፣ ስኳር አላየህም?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ሆድህን ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ትንሽ ቆረጠኝ።»

«እህል ሳትቀምስ እንዴት አይቆርጥህ። ግባና ተቀመጥ፤ ሰዉ አባቷ የት ሄደ እያለ ነው።»

«መጣሁ» አለና ወደ ዝናቡ ወጣ።

ሚዛኑ የወጣለት ስም ነው። አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ጸጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። ሻንጣም ይሁን ጆንያ፣ አንዴ ከመሬት ብድግ ያደርገውና ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ክብደቱን ይናገራል። ያልተዋጠላቸው ነጋዴዎች ዕቃቸውን እውነተኛው ሚዛን ላይ አስቀምጠው፣ አፍረው ተመልሰዋል። ሚዛኑ በክብደት አይዋሽም ይባላል፤ እውነትም ሲዋሽ የተሰማ የለም። የዋሸው ዘንድሮ ነው፤ የዋሸውም ጨርሶ ሊዋሸው የማይገባውን ሰው ነው።

ከግቢው ጀርባ፣ ከግንቡ ስር፣ ስድስት የንብ ቀፎዎች ተደርድረዋል። የልጁ የሚጡ ናቸው። ሚጡ እያለ የሚጠራት እሱ ብቻ ነበር፤ አድጋ፣ ፋርማሲ ተቀጥራ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ እንኳ ለሱ ሚጡ ነበረች። የቀበሯት ዕለት ለቀስተኛው ሲበዛበት ወደዚህ ሸሽቶ ነበር። ምን እንደሚያደርግ ቢጠፋው የፊተኛውን ቀፎ በልማድ ከኋላ በኩል ጣቶቹን ከስሩ ሰዶ ብድግ አደረገው። ብድግ ሲያደርገው ሊወድቅ ነበር፤ ከባድ ይሆናል ብሎ የተዘጋጀለት ነገር ባዶ ሆኖበት። ሁለተኛውንም አነሳ፣ ሦስተኛውንም። ክረምቱ ቀድሞ ገብቷል፤ ዝናቡ አበባውን ሁሉ አርግፎታል፤ ንቦቹ ከቤታቸው አይወጡም፤ ቤታቸው ውስጥ ደግሞ የሚላስ የሚቀመስ የለም።

ሚጡ ፋርማሲ ውስጥ ግራም ስትመዝን ትውላለች፤ ንቦቿን የምትመዝነው ግን በአባቷ እጅ ነበር። በየዓመቱ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት «አባዬ ና፣ ሥራ አለህ» ትለዋለች። እሱ ከኋላ ብድግ ያደርጋል፣ እሷ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ፊቱን ታያለች።

«ይሄ ይከርማል» ይላል። ወይም፣ «ይሄ አይከርምም፤ መግቢው።»

አይከርምም ላለው ስኳር ትበጠብጥለታለች፤ ሁለት እጅ ስኳር፣ አንድ እጅ ውሃ። «ከቀጠነ በብርድ ማድረቅ ያቅታቸዋል፤ ማር ሳይሆን ሾርባ ይሆንባቸዋል» ብላ አስተምራዋለች።

«ያንን ሁሉ የፋርማሲ ሚዛን ትተሽ በኔ እጅ?» ይላታል፣ ደስ እያለው።

«የፋርማሲው ባትሪ ይጨርሳል። አንተ በሻይ ነው የምትሠራው።»

ይህንን ሁሉ ያውቃል እንግዲህ። ቢሆንም ማወቅ ሌላ፣ ብቻ መሆን ሌላ። ቀፎዎቹን ባነሳ ማግስት፣ ሰው ሲተኛ፣ የጓዳውን ስኳር አብዛኛውን በጥብጦ በዝርግ ሳህን ሁሉም ቀፎ ውስጥ አስገባ፤ ሳህኑ ላይ የእንጨት ስንጥር መጣል ግን ረሳ። ሚጡ ስንጥሩን የምትጥለው ንቦቹ ቆመውበት እንዲጠጡ ነበር። በነጋታው ክዳኑን ሲከፍት ቀድመው የወረዱት ሁሉ ብጥብጡ ውስጥ ሰጥመዋል። የቀሩት ብርዱ ይዟቸው፣ ሰፈፉ ላይ ተቃቅፈው፣ ወደ ታች አልወርድም ብለዋል። ዝናቡ ክፍት ቀፎ ውስጥ እየገባበት የሞቱትን በጣቱ አንድ በአንድ ለቀመ። «በእጄ ፈጀኋቸው፣ ሚጡ» አለ፤ ድምፁ ለራሱም አስጠላው።

ያኔ ነው ጋዜጣው ትዝ ያለው። አንድ ክፉ ክረምት፣ ሚጡ ሰፈፉ አናት ላይ ጋዜጣ ዘርግታ፣ ደረቅ ስኳር ከምራ፣ ውሃ እፍ ብላበት ነበር። ብርድ የያዘው ንብ ወደ ታች አይወርድም፤ ካለበት ወደ ላይ ግን ይበላል።

«ጋዜጣም ያነባሉ እንዴ?» ብሏት ነበር።

«አርዕስቱን ብቻ። ከዚያ ቀደው ይበሉታል።»

ዛሬ ከኮቱ ስር ያወጣውን ስኳር በዚሁ መንገድ ለሦስት ቀፎዎች አደረሰ። የመረብ ባርኔጣዋ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ሊያወርደው እጁን ዘርግቶ ነበር፣ አልቻለም። በዝናብ ቤቱን የሚከፍትበትን ንብ ደግሞ አይምረውም። ፊቱን፣ አንገቱን፣ ጆሮውን ነደፉት። ሦስቱን ሲጨርስ ስኳሩም አለቀ።

ሳሎን ሲገባ ሰው ግጥም ብሏል። ሚስቱ ጥግ ላይ ባለችው ወንበር፣ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። ከቀብር ወዲህ ከአፏ ቃል አልወጣም፤ ሲያጎርሷት ትውጣለች፣ ሲያስተኟት ትተኛለች።

«ፊቱን አየሽው?» አለች አንዲት ጎረቤት፣ የሹክሹክታ ነገር አልሆነላትም። «ሰው በለቅሶ እንዲህ ያብጣል?»

«አንድ ልጅ እኮ ናት። ምን ይሁን።»

ጓደኛው ሹፌሩ አጠገቡ ቦታ ለቀቀለት። አብረው ያረጁ ናቸው፤ ሚዛኑ ጣሪያ ላይ ሲጭን ሹፌሩ ከታች ሲሳደብ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ለሚዛኑ ቡና ቀረበለት፤ ሹፌሩ ከራሱ ሲኒ ሁለት ጊዜ ፉት ካለ በኋላ ወደ ሚዛኑ ጆሮ ጠጋ አለና በጥፍሩ አንድ ነገር መንቀል ጀመረ።

«ይሄ የለቅሶ እብጠት አይደለም። መንደፊያው ጆሮህ ላይ ቀርቷል። ምን እየሠራህ ነው?»

«እያለቁ ነው።»

«እነማን?»

«የሷ።»

ሹፌሩ የነቀለውን መንደፊያ መዳፉ ላይ አድርጎ ትንሽ አየው። «ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«ስኳር።»

«ከየት ይመጣል? መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፤ አንድም መኪና አልወጣም። የሰፈሩ ሱቅ ስኳር ደግሞ ተጠራርጎ እዚሁ ቤት ነው የገባው።» ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን እንዴት እስከዛሬ ሳይበሉ ቀሩ? እሷ ብትታመም አንተ እያለህ?»

ሹፌሩ ክፉ አስቦ አልነበረም፤ ጥያቄው ግን ትክክለኛው ቦታ ላይ አረፈ።

ሚጡ አልጋ ከያዘች በኋላ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የሚያነሳት እሱ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን እየሳቀች «ስንት ሆንኩ?» ትለዋለች። «ጨምረሻል» ይላታል። እጁ ሌላ ይለዋል። ከሳምንት ሳምንት ክንዱ ላይ የሚቀረው ክብደት እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ፤ ሐኪሙ ከመናገሩ በፊት ሚዛኑ ያውቅ ነበር። እጁን ጠላው። ሰላሳ ዓመት ያኮራውን እጅ ቆርጦ ቢጥለው ደስ ባለው።

አንድ ቀን ደመናው መክበድ ሲጀምር፣ «አባዬ፣ ቀፎዎቹን አንስተህ ንገረኝ» አለችው።

ወጣ። ቀፎዎቹ ፊት ለፊት ቆመ። ጣቶቹን ከፊተኛው ስር ሰደደ፤ ማንሳት ግን ፈራ። ያ እጅ አንድ ተጨማሪ ቀላል ነገር መሸከም አልፈለገም። ጥቂት ቆሞ ተመለሰና፣ «ሁሉም ከባድ ናቸው፤ ይከርማሉ» አላት።

እሷም ረዘም አድርጋ አየችውና «ጥሩ» አለች።

በቀብሩ ቀን ሳጥኑን ከፊት በኩል የያዘው እሱ ነበር። ሰዉ ተረባርቦ ሊያግዘው ሲል ምንም የሚያግዙት ነገር አልነበረም።

የቡናውን ሲኒ ሳይቀምሰው መሬት ላይ አስቀመጠና ተነሳ። ጓዳ ገባ፤ ባዶ ነው። የጎረቤት ጓዳም እንደዚሁ ነው፤ ያላቸውን ሁሉ ወደዚህ አምጥተዋል። በመስኮቱ ሲያይ ዝናቡ ጨምሯል። ሦስት ቀፎ ቀርቶታል፤ እስከ ነገ የሚቆዩ አልመሰለውም። ወደ ሳሎን ተመለሰ።

መሃል ጠረጴዛው ላይ የስኳር ዕቃ አለ፤ ጡረታ የወጡት የሰፈሩ ዳኛ ማንኪያቸውን ሊያስገቡበት ጎንበስ ብለዋል። ሚዛኑ ዕቃውን ከማንኪያው ስር አነሳው።

የዳኛው ማንኪያ አየር ላይ ቀረ።

«ምን ሆነሃል?» አለች እህቱ ከጓዳው በር። «ኧረ በሰው ፊት! ስኳሩን ስትወስድ የነበርከው አንተ ነህ?»

«ይቅርታ» አለ ሚዛኑ። ለማን እንዳለው አልታወቀም። የስኳሩን ዕቃ ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሞ፣ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አቃተው። ከሴቶቹ በኩል አንዷ «ጭንቅላቱን ነካው» ስትል ተሰማ። እህቱ ማልቀስ ጀመረች። ሹፌሩ ሊደግፈው ተነሳ።

ቀድማ የደረሰችው ግን ሚስቱ ናት። ከጥግ ካለችው ወንበር መቼ እንደተነሳች ያየ የለም።

«ቡናውን ያለ ስኳር ጠጡ» አለች ለሰዉ። ድምጿ ከረጅም ዝምታ የወጣ፣ የሻከረ ነው። ከበሩ ጥግ ጃንጥላ አንስታ፣ የባሏን ክርን ይዛ በኋላው በር አወጣችው።

ሚስቱ ንብ ትፈራለች። ልጇ ቀፎ ስትከፍት እሷ መስኮት ስትዘጋ ነው የኖረችው። አሁን የተከፈተ ቀፎ አናት ላይ ጃንጥላዋን ዘርግታ ቆመች። አንዷ ንብ ጣቷ ላይ ስታርፍባት ዓይኗን ጨፈነች እንጂ ጃንጥላውን አላንቀሳቀሰችም። ሚዛኑ ጋዜጣውን ዘረጋ፣ ስኳሩን ከመረ፣ ውሃ እፍ አለበት፣ ከደነ። ወደሚቀጥለው ሄዱ። እዚያም እንደዚሁ አደረገ፤ ዕቃውን ገልብጦ ቂጡን መታ፣ የቀረችውን ብናኝ አራገፈ። ከዚህ በላይ ስኳር የለም።

«ከባድ ናቸው ብያት ነበር» አለ ቀና ሳይል። «ሳላነሳቸው።»

«ታውቃለች።»

ቀና ብሎ አያት።

«ያን ቀን አንተ ነግረሃት ስትወጣ ነገረችኝ» አለች ሚስቱ። «አባዬ ሳይመዝን ተናገረ አለችኝ። ሲመዝን እኮ በየቀፎው ዝም ይላል፣ እንዲህ ቶሎ አይመለስም አለች። ታዲያ ልንገረው፣ ይመልከታቸው ስላት፣ ተይው፣ ስሄድ ይመግባቸዋል፣ አሁን እጁ እኔን ይዟል አለችኝ።»

ሚዛኑ ባዶውን ዕቃ መሬት አስቀምጦ እጆቹን አየ። ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ ተመልሷል፤ ሲኒ ይንኳኳል። ሁለቱ ዝናቡ ውስጥ፣ በአንድ ጃንጥላ፣ ስኳር ያልደረሰው ስድስተኛው ቀፎ ፊት ቆመዋል።

ሚስቱ ጆሮዋን ወደ ቀፎው ጠጋ አደረገች። «ድምፅ አለው» አለች። «ትንሽ አለው። አንሳው እስቲ።»

ወደ ቀፎው ኋላ ዞረና ጣቶቹን ከስሩ ሰደደ። በዝግታ ብድግ አደረገው። ዝም አለ። ሚስቱ፣ ልጇ እንደምታደርገው፣ ቁጢጥ ብላ ፊቱን አየችው።

«ቀላል ነው» አለ በመጨረሻ። «በጣም ቀላል ነው። አይከርምም።»

ይህን ብሎ ማስቀመጥ ነበረበት፤ አላስቀመጠውም። ክንዱ ሳይደክመው፣ ሊያደክመውም የሚችል ነገር ሳይኖር፣ እንደያዘው ቀረ። ሚስቱ ጃንጥላውን የቀፎው ክዳን ላይ አስደገፈችውና በዝናቡ ዞራ መጣች። እጇን ከቀፎው ስር፣ ከእጁ አጠገብ ሰደደች። ሰው በአንድ እጁ የሚያነሳውን ሳጥን ለሁለት ይዘውት ቆሙ።