የዳቦ ቢላ

ላዩማ ታጥቧል፣ ጥርሱ መሃል ነው ያለው፣ ቡናማ፣ ደረቅ፣ ዳቦ ቢሆን ነጭ ፍርፋሪ ነበር፣ ማንጎ ቢሆን ቢጫ ጭረት፣ ለእኔ ደግሞ ደሞዝ የሚከፈለኝ ይሄንኑ ለመለየት ነው፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ቆሜ ሸሚዝ እየገለበጥኩ ይሄ የማሽን ዘይት ነው፣ ይሄ ዝገት ነው፣ ይሄ ልጅቷን መርፌ ወግቷት ነው ስል የኖርኩ ሴት፣ የደረቀ ደም አይጠፋኝም። ደም ነው።

የዳቦ ቢላዬ ላይ ደም።

ደግሞ ካልሲ ውስጥ ምን ይሠራል? የልጆቼን ቦርሳ ስፈታ መጀመሪያ የቆሎው ላስቲክ፣ ከዚያ ኮዳው፣ ከዚያ የሰምሃል ሹራብ፣ ከታች አንድ እግር ካልሲ፣ ዳይኖሰር ያለበት፣ የአብነት፣ ውስጡ ጠጣር ነገር። ቢላዬን አጥቦ ካልሲ ያለበሰው ማነው? ይሕደጎ አይደለም፣ ባሌን አውቀዋለሁ፣ በአስራ ሦስት ዓመት ትዳር አንድ ማንኪያ አጥቦ ቦታው መልሶ አያውቅም። ሰምሃልም አይደለችም፣ እሷ የበላችበትን ሳህን አልጋ ስር የምትደብቅ ልጅ ናት። ማን ቀረ እንግዲህ። አይ፣ አይሆንም፣ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሰባት እንኳ በደንብ አልሞላውም።

ሳሎን ያለውን ሰውዬ ስሙልኝማ፣ ጭቃ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋዬ ላይ ተዘርግቶ፣ ስልኩ ላይ ለወንድሙ ይፎክራል፣ በአንዲት ጥይት! በአንዲት! የአስራ አንድ ዓመት ልጅ እኮ ናት፣ አቦይ ኣፅብሃ ራሳቸው አፋቸውን ይዘው ቀሩ። አቦይ ኣፅብሃ አጎቱ ናቸው፣ ጠመንጃው የሳቸው፣ ፈቃዱም የሳቸው፣ ከሞጆ ወዲያ ያለው እርሻም የወዳጃቸው። ሀሳቡ ግን የባሌ ነው። ፋሚሊ ታይም ነው አስሚ፣ ልጆቹ ታብሌት ላይ አፍጥጠው ዓይናቸው ሊጠፋ ነው፣ ወጣ ብለን ጅግራ እናድን፣ ዒላማ ይማሩ፣ ትዕግስት ይማሩ፣ እኔ በነሱ ዕድሜ ከአቦይ ጋር ቆቅ ስከተል ነው ያደግኩት፣ እያለ አንድ ወር ነዘነዘኝ። እኔስ? እሺ አልኩ። እሺ ብቻ ብል ጥሩ፣ ቆሎ ቆላሁላቸው፣ ዳቦ ገዛሁ፣ ማንጎ አጠብኩ፣ ፀሐይ እንዳይመታቸው ኮፍያ አደረግኩላቸው፣ በር ድረስ ወጥቼ እጄን አውለበለብኩ። ወይ አስመረት፣ መዋኛ የላክሻቸው መስሎሻል።

ሰምሃል ሻወር ቤት ናት፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ከነሳሙናው ትጮህልኛለች። እማ ሲሪየስሊ፣ ሦስት ነበሩ፣ ሁለቱ በረሩ፣ አንዷ ሮጠች፣ አባዬ ከኋላ ትከሻዬን ደገፈኝ፣ ትንፋሽሽን ያዢ አለኝ፣ ከዛ ቧ! ጆሮዬ እስካሁን ጭው ይላል፣ ኦ ማይ ጋድ እማ፣ መታኋት! ግን ወዲያው አልሞተችም እኮ፣ ቦዩን ተሻግራ ወደቀች፣ ክንፏን መሬት ላይ እንዲህ እንዲህ ታደርጋለች። ጎበዝ፣ ጎበዝ የኔ ልጅ፣ ጎበዝ ይባላል? ምን ይባላል እንዲህ ሲሆን፣ እናቶች ምን ይላሉ? ማን አረዳት? እ? ውሃው ይፈስሳል። ማን አረዳት ነው የምልሽ? አቡ ነዋ! አለችኝ፣ ሻምፖ አቀብዪኝ እንደምትል።

አቡ ነዋ። አብነቴ።

ልጅቷ አላበቃችም፣ ትቀጥላለች፣ ቦዩ ላይ ያለው ጣውላ ቀጭን ነበር፣ አባዬን አይችለውም፣ አቦይም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ እኔና አቡ ነን ሮጠን የተሻገርነው፣ ቦርሳው አቡ ጀርባ ላይ ነበር፣ ቢላውን እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ አባዬ ከወዲያ ማዶ ጮኸ፣ አንቺ እንዳትነኪያት! ሴት ነሽ፣ አይበላም! ለሱ ስጪው! አቦይ ደግሞ ቶሎ በሉ፣ ነፍሷ ሳይወጣ፣ ከሞተች በክት ናት ይላሉ፣ እና ሰጠሁት።

ጠመንጃ ሲሆን ጎበዝ፣ ቢላ ሲሆን ሴት። ልጄ መግደል ትችላለች፣ ማረድ አትችልም። የሚያርደው ወንዱ ነው፣ ወንዱ ደግሞ የፊት ጥርሱ ገና ያልበቀለ፣ መብራት ሲጠፋ ቀሚሴን የሚይዝ፣ የዶሮ ወጡ ውስጥ እግሯን ካየ እንጀራውን የሚተው ልጅ ነው።

እኔ ክንፏንና እግሯን ያዝኩለት እማ፣ እሱ ግን ቆየ፣ በጣም ቆየ፣ ቢላው እምቢ አለ፣ እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ፣ በስመ አብ ይላል፣ ያቆማል፣ እንደገና በስመ አብ ይላል፣ እያለቀሰ፣ እሷ ደግሞ ታየዋለች። ማን? ጅግራዋ። ዓይኗ ክፍት ነበር እማ።

በስመ አብ ወወልድ።

ቆይ፣ ቢላው እምቢ አለ። ለምን እምቢ አለ። አውቃለሁ ለምን እምቢ እንዳለ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ገና አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ እዚሁ መሳቢያ ፊት ቆሜ ሁለቱም እጄ ላይ ነበሩ፣ አንዱ ስለታሙ፣ ይሕደጎ ራሱ ያሳለው፣ ሽንኩርት ላይ ሳታስቢው የሚገባ፣ ሌላው ይሄ፣ ጥርሳም፣ ደነዝ፣ ትኩስ ዳቦ እንኳ የሚያፈራርስ። ለማንጎና ለዳቦ ነው፣ ልጆች ናቸው፣ ስለታሙ ይቆርጣቸዋል አልኩ። አስቤ ነው። ተጠንቅቄ ነው። ደነዙን መርጬ፣ ጫፉን በሶፍት ጠቅልዬ፣ ልጄ ጀርባ ላይ አዘልኩት።

ስለታሙን ብልክለት አንዴ ነበር። አንዴ ሳብ፣ አለቀ፣ እሷም አረፈች እሱም አረፈ። ምን ዓይነት ሀሳብ ነው ይሄ፣ አንቺ ሴትዮ ጤነኛ ነሽ? የሰባት ዓመት ልጅ ስለታም ቢላ ይዞ ቢሄድ ጥሩ ነበር ነው የምትዪው? አይደለም፣ እሱን አላልኩም። ብያለሁ።

ጅግራዋ ትሪው ላይ ናት፣ አቦይ ላባዋን ነጭተው በላስቲክ ልከውልኛል፣ ለአስመረት ስጧት፣ ወጥ ታውቅበታለች ብለው። አላያትም ብዬ ነበር፣ ዓይኔ ግን ልማዱ ነው፣ ሄዶ አንገቷ ላይ ያርፋል። አንድ ቦታ ተጀምሮ የተተወ፣ ከሱ ከፍ ብሎ ሌላ፣ እንደገና ዝቅ ብሎ፣ አምስት፣ ስድስት፣ እዚህ ጋ እጁ ተንሸራቷል፣ እዚህ ጋ አርፎ ነው የቀጠለው። ከሥራ ልምዴ ነው የማውቀው፣ የፈራች ልጅ የሰፋችው ስፌት እንዲህ ነው፣ እየደጋገመች፣ መስመሩን እየሳተች፣ ሸሚዝ ቢሆን ቀይ ወረቀት ለጥፌ እመልሰው ነበር።

ሴት አታርድም። ማን እንዳለው አላውቅም፣ ጠይቄም አላውቅም። ልጅ ሳለሁ የበዓል ዋዜማ ዶሮ አንጠልጥዬ በር ላይ ያልቆምኩበት ዓመት የለም፣ አባቴ ሾፌር ስለነበር በበዓልም መንገድ ላይ ነው፣ ቤቱ ሴት በሴት ነው፣ እናቴ ከውስጥ ትጮሃለች፣ ያገኘሽውን ወንድ ለምኚ፣ ክርስቲያን መሆኑን ጠይቂ! እኔም ጋሼ፣ ጋሼ፣ ክርስቲያን ነዎት? ይረዱልን? አንዱ ቸኩያለሁ ይላል፣ አንዱ ቢላው ይምጣ ይላል፣ አንድ ዓመት መቆም ያቃተው ሰካራም ነው ያረደልን፣ እናቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለዓመቱ ያድርስዎ ብላ ሸኘችው። አምስት ሙሉ ጤነኛ ሴት ቆመን ሰካራም ስንለምን አንዳችንም አልሳቅንም።

ባለፈው እንቁጣጣሽም እኮ ያው ነው፣ ይሕደጎ ለሥራ ፊልድ ወጥቶ ነበር፣ ዶሮዬን ይዤ በር ላይ ስቁለጨለጭ ጎረቤታችን ሐምዛ ከምድር ቤት ወጣ፣ አየኝና ሳቀ፣ አስመረት፣ የኔ እጅ ለእናንተ አይሆን፣ የእናንተ ለእኛ አይሆን፣ ቆይ ሰው ልፈልግልሽ፣ ብሎ ሄዶ ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ያለውን ዘበኛ ይዞልኝ መጣ። አብነት አጠገቤ ነበር። ቀሚሴን ሳብ አደረገና እማ፣ እኔ ወንድ አይደለሁም እንዴ? አለኝ። ሐምዛ ሳቀ፣ ዘበኛውም ሳቀ፣ እኔም ከት ብዬ ሳቅሁ፣ ነህ እንጂ የኔ አንበሳ፣ ስታድግ ታርድልኛለህ፣ አሁን ግን ቢላ አትንካ፣ ይቆርጥሃል። እሱ አልሳቀም። አሁን ነው ትዝ የሚለኝ፣ እሱ አልሳቀም ነበር። ገና ሁለት ወር አልሞላውም ካልኩት፣ በሁለት ወር አደገ?

አንተ ሰውዬ! ስልኩን ዝጋው! ምነው አስሚ፣ ምን ሆንሽ፣ ይለኛል፣ ፊቱ ላይ ገና ሳቅ አለ። አንተ ልጄን ምን አደረግከው? ቢላውን ፊቱ ላይ ዘረጋሁት፣ ካልሲውንም። አየው። አቦ አታካብጂ አስሚ፣ ምን ላድርግ፣ በቦዩ ላይ ልብረር? እንብላት ብለን አይደል የመታናት፣ በክት ትሁን? ወንድ ልጅ እኮ ነው፣ እኔ በሱ ዕድሜ... አንተ በሱ ዕድሜ አልጋህን ታረጥብ ነበር፣ እናትህ ነግረውኛል! አላለቀሰም? አልኩት፣ የማውቀውን ለምን እንደምጠይቅ እንጃ። ትንሽ፣ አለኝ፣ መጀመሪያ ላይ ብቻ፣ በኋላማ አቦይ ጎበዝ፣ የወንድ ልጅ ብለው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግተውለት ፎቶ አነሳሁት፣ ደስ ብሎታል፣ ላሳይሽ?

አሳየኝ። ሰምሃል ጅግራዋን ከፍ አድርጋ ይዛ ጥርስ በጥርስ ሆናለች። አብነት አጠገቧ፣ ጠመንጃው ከቁመቱ በልጦ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ደብቆ፣ ደስ ብሎታል አለኝ ይሄ ዕውር፣ እጁን ለምን እንደደበቀ አላየም፣ የቀኝ እግሩ ጫማ ውስጥ ካልሲ እንደሌለ አላየም። እኔ አየሁ። ገና ፎቶው ሳይነሳ ቢላውን አጥቦታል ማለት ነው፣ በቦዩ ውሃ፣ ብቻውን፣ ቁጢጥ ብሎ፣ የእማ ቢላ ነው ብሎ። አጥቦ የሚያደርቅበት ቢያጣ ካልሲውን አወለቀ።

ቅዳሜም እንሄዳለን፣ ይለኛል ይሕደጎ ከኋላዬ፣ ድምፁ ቀዝቀዝ ብሏል፣ አቦይ ቆቅ አለ ብለዋል፣ ከፈለግሽ አንቺም ነይ። ከሳሊተ ምሕረት የጉባኤው ማይክ ይሰማል፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ለምን እንደምከትፍ አላውቅም፣ እጄ ነው የጀመረው፣ ስለታሙ ቢላ ሽው ሽው ይላል፣ ዓይኔ ይፈስሳል፣ ሽንኩርቱ ነው፣ ሽንኩርቱ ብቻ አይደለም። ብትሠራም ማን ይበላታል? ባትሠራስ? ልጄ ያንን ሁሉ ያደረገው ትበላ ብሎ ነው፣ ብጥላት በክት አደረግኳት ማለት ነው፣ ድካሙን ሁሉ። እንዴት ያለ ጣጣ ውስጥ ገባሁ፣ እመብርሃን።

አይሄድም። ነገሩ ዛሬ ነው የሚቆረጠው፣ እራት ላይ እነግራቸዋለሁ፣ አይሄድም፣ እሷም አትሄድም፣ አቦይ ይቀየሙ፣ ይሕደጎ ያኩርፍ፣ ልጄ ልጅ ነው፣ ጭቃ ያቡካ፣ ታብሌቱ ላይ ይፍጠጥ፣ ዓይኑ ይጥፋ። እንዲህ ነው የምላቸው፣ በዚሁ ድምፅ።

እማ።

በሩ ላይ ቆሟል። ከመጣ ጀምሮ ደክሞኛል ብሎ ክፍሉን የዘጋ ልጅ፣ አንድ እግሩ በካልሲ፣ አንዱ ባዶ። ና የኔ ጌታ፣ ና። ይመጣል። የሸሚዙ እጅጌ ጫፍ ላይ ነጠብጣብ አለ፣ ሦስት፣ አላየሁም፣ አላየሁም። አላቅፈው ነገር እጄ ሽንኩርት ነው። ምን ሆንክ? ምንም። ርቦሃል? አይ። የሚያየው እኔን አይደለም፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የዳቦ ቢላ አየ፣ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን፣ ሽንኩርቱ ውስጥ ዝም ብሎ ሲገባ ቆሞ አየ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ እንደ ሠራተኛ።

እማ፣ ቅዳሜ ይሄኛውን ትሰጪኛለሽ?

ምኑን?

ይሄኛውን። ያኛው እኮ አይቆርጥም። አመማት።

አትሄድም ልለው ነው፣ አፌ ላይ አለ፣ አትሄድም የኔ ልጅ፣ ቅዳሜ የሚባል የለም፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ቢላውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሁሉም አፌ ላይ ተደርድሯል፣ እሱ ግን ትንሿን እጁን ዘርግቶ በጣቱ ጫፍ ስለቱን ሊነካው ነው፣ እና ከአፌ የሚወጣው፣ ቀስ፣ እጅህን እንዳይቆርጥህ።