ሙቀት ሲሄድ፣ ጨው ሲቀር

የላላ ገመድና የተበጠሰ ገመድ ከላይ ሆኖ ለሚያያቸው ሰው በምን ይለያሉ? ቢሪታ የምርምር መርከቧን የኋላ አጥር ተደግፋ ውሃውን እያየች ይህንኑ ታሰላስላለች። ወንድሟ ሮይ ግሪንላንድ ባሕር ላይ ሆኖ ድምፁን ካጠፋ ግማሽ ዓመት አልፎታል።

ቢሪታ በሰሜን ካሉት ደሴቶች በአንዷ፣ ሳንዱር መንደር ተወልዳ፣ ገና በወጣትነቷ የባሕር ሳይንስ እማራለሁ ብላ ከምድር ሌላኛው ጫፍ፣ ሆባርት ድረስ የሄደች ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ስትሮጥ ቀብሩ አለፈባት። ሮይ ብቻውን ቀበረው። ከዚያም ሦስት ክረምት ባዶ ቤት ውስጥ ከረመና አንድ ቀን፣ «ይህን ቤት ብቻዬን ማሞቅ ሰለቸኝ» ብሎ ጻፈላት። ነዪም አላለ፣ ቅሪም አላለ። እሷ ግን ያቺን አንዲት መስመር ደጋግማ አንብባ ሥራዋን ለቀቀች፤ ድንገት ገብቼ ላስደንቀው ብላ ሳትነግረው መጣች። ስትደርስ ቤቱ ቀዝቅዞ ጠበቃት። ሮይ በአሣ አጥማጅ መርከብ ተቀጥሮ ከሄደ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር።

መጀመሪያ ላይ «ደህና ነኝ» እያለ ይመልስላት ነበር። ኋላ ያም ቀረ። እሷም መጻፍ አበዛች። ጠዋት «ምነው ዝም አልክ?» ትላለች፣ ማታ «ለኦላቭሶካ ትመጣለህ አይደል?» ትላለች። በኦላቭሶካ በዓል ከደሴቶቹ የወጣ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ያልተመለሰ ወይ ሞቷል ወይ ተቀይሟል ይባላል። እዚህ ለጊዜው የቀጠራት የባሕር ምርምር መሥሪያ ቤት ትቀሪያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ ብሎ እስከ በዓሉ ቀን ሰጥቷታል። እሷም በልቧ ወስናለች። ሮይ ከመጣ ትቀራለች፣ ካልመጣ ሆባርት ትመለሳለች። እዚያ እያለች እዚህን ስትናፍቅ ኖራ፣ እዚህ ስትመጣ ደግሞ የዚያን አገር ሰማይ በሕልሟ ማየት ጀምራለች። የቷ ቢሪታ እውነተኛዋ እንደሆነች እሷም አታውቅም።

«ዶክተር! ሙሽራው ተዘጋጅቷል፣ እንዳረው?» አለ ቱማስ ከገመድ መጠቅለያው ሞተር ጀርባ። ቱማስ የመርከቧ የገመድ ሥራ አለቃ ነው፤ በወጣትነቱ ከአባቷ ጋር በአንድ ጀልባ አጥምዷል።

«ሙሽራው» የሚለው የሰው ቁመት የሚያህለውን ቀጭን መለኪያ ነው። ጫፉ ላይ እንደ መርፌ የሾሉ የመስታወት ጣቶች አሉት። እነሱ ከጣት ስፋት ባነሰ ቦታ ውስጥ ሙቀቱና ጨዉ እንዴት እንደሚለዋወጡ፣ ውሃው እንዴት እንደሚርገበገብ ይመዘግባሉ። ሥራው አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ መለኪያው ማንም ሳይነካው በራሱ ክብደት መውረድ አለበት። ገመዱ የተሰጠው ተመልሶ እንዲወጣ እንጂ እንዲያዝ አይደለም።

«እስቲ ንገሪኝ» አለ ቱማስ ገመዱን እየለቀቀ፣ «ሆባርት ድረስ የሄድሽው ውሃ ከውሃ ሲቀላቀል ለማየት ነው?»

«ለእሱ ነው ጋሼ።»

«እናቴ ድስት ውስጥ ታየው ነበር እኮ፣ ያውም በነፃ።»

«እናትህ ታማስለው ነበራ! እኔ የምፈልገው ማንም ሳያማስለው የሚቀላቀለውን ነው» አለች ቢሪታ፤ እጇ ገመዱ ላይ ነበር። «ላዩ ከደቡብ የመጣ ውሃ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ጨውም ይበዛዋል። ታቹ ከሰሜን የሚመጣ ነው፣ ከበረዶ ይቀዘቅዛል፣ ጨው ግን ያንሰዋል። ሁለቱ የሚዋሰኑበት ላይ፣ ከላይኛው ጣት የምታህል ውሃ ወደ ታች ትሾልካለች። ሙቀቷን ወዲያው ለጎረቤት ታድላለች። ጨው ግን እንደዚያ ቶሎ አይወጣላትም። ስለዚህ ቀዝቅዛ፣ ጨውዋን ተሸክማ ትከብድና ትሰምጣለች።»

ቱማስ ገመዱን መልቀቁን ቀጠለ። «ገባኝ። ሙቀት ወሬኛ ነው፣ ቤት ለቤት ይዞራል። ጨው ግን ቂመኛ ነው፣ ልክ እንደ ሚስቴ።»

ቢሪታ ሳቀች። ሳቋ ግን አፏ ላይ ቀረ። ሮይስ? ከቀብሩ መቅረቷን ይቅር ብሏት ዝም ብሎ እየኖረ ነው ወይስ እየከበደ እየሰመጠ ነው?

መለኪያው ወርዶ ወጣ። ቢሪታ የመዘገበውን ኮምፒውተሯ ላይ ስትከፍት ፊቷ ተለዋወጠ። ውሃው ጸጥ ማለት የነበረበት ቦታ ሁሉ ተንቀጥቅጧል። የባሕር መንቀጥቀጥ አልነበረም፤ ገመድ የተወጠረበት መለኪያ መንቀጥቀጥ ነበር። ወደ ውጭ ወጣችና ቱማስ ላይ ጮኸች።

«ገመዱን ያዝከው! ልቀቀው ብዬህ ያዝከው!»

«እኔ?» አለ ቱማስ፣ የሚበላውን የደረቀ የበግ ሥጋ ከአፉ አውጥቶ። «አንቺ ልጅ፣ ሞተሩ ሲለቅ ነው የዋለው። ደግሞ ጥፋተኛ ከፈለግሽ ቀስ ብለሽ ፈልጊ፤ መርከቧ ትንሽ ናት፣ ብዙ ሰው የለባትም።»

ቢሪታ መለኪያውን እንደገና አስወረደች። በዚህኛው ዙር ግን ውሃውን ትታ የራሷን እጆች ታይ ጀመር። ገመዱ በመዳፏ ውስጥ ሲያልፍ ጣቶቿ ሳታዛቸው ጨበጡት። ከፈተቻቸው። ጥቂት ቆይተው መልሰው ጨበጡ።

የሳንዱር ልጅ እጅ ነው። አባቷ ጀልባ ላይ እሷንና ሮይን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ «የላላ ገመድ የሞተ ገመድ ነው» ይል ነበር። የማጥመጃውን ክር ካልወጠሩት አሣው ሲነክስ አይሰማም። ሮይ ደግሞ አባታቸው ዞር ሲል በእግሩ ጣት የእሷን ክር ሳብ ያደርግና፣ እሷ «ያዘኝ! ያዘኝ!» ብላ ስትጮህ በሳቅ ይንከባለል ነበር። ይህን ያህል ዘመን በሌላ አገር መጽሐፍ ኖራ፣ እጇ ግን ያችን ጀልባ አልረሳም። አሁንም ከታች የሆነ ሰው ሳብ እንዲያደርጋት እየጠበቀ ነበር።

«ጋሽ ቱማስ» አለች በዝግታ፣ «ይቅርታ። የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ቱማስ አየት አደረጋት። «እኔም ያው ነው የማደርገው። እኛን ልቀቁ ብሎ ያስተማረን ማን አለ?»

ከዚያ በኋላ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ቆመች። ቱማስ ገመዱን ከሚያስፈልገው በላይ ለቀቀው፤ ውሃው ላይ ክብ ክብ እየሠራ ተንሳፈፈ። ምንም የሚሰማት ነገር አልነበረም። መለኪያው ይውረድ፣ ይቁም፣ ተበጥሶ ለዘላለም ይጥፋ፣ የምታውቅበት መንገድ የላትም። ከሥራዋ ሁሉ ይህን ያህል የከበዳት ነገር አልነበረም። ማለዳና ማታ ለሮይ ስትልከው የኖረችው ጥያቄ ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አላት። ምነው ዝም አልክ? ትመጣለህ? መልእክቴን ማየትህን እንኳ ንገረኝ። እሷ ናፍቆት ትለው ነበር። እሱ ዘንድ ሲደርስ ግን ምን ሆኖ ይደርስ ነበር?

ሞተሩ ገመዱን ሰበሰበ፤ መለኪያው ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ። የመዘገበው ንጹሕ ነበር። ከስድስት መቶ ሜትር በታች ውሃው እንደ ደረጃ እርከን እርከን ሠርቶ ነበር፤ በእርከኖቹ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች፣ የሚሰምጡት ጣቶች፣ ሳይታወኩ ተሥለዋል። ሙቀቱ ሄዷል፣ ጨው እየወረደ ነው። ያየሁት እውነት ይሆን ወይስ ምኞቴ ብላ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ መረመረችው። እውነት ነበር። ተነሥታ የምትነግረው ሰው ፈለገች፤ ቱማስ በሩ ላይ ቆሞ «እንኳን ደስ አለሽ፣ የዳርነው ሙሽራ አላሳፈረንም» አላት፤ ደስ አላት። ዓይኗ ግን ከእሱ ትከሻ በላይ ወደ ምዕራብ፣ ሮይ ወዳለበት ባሕር ሄደ።

በማግስቱ መርከቧ ወደ ቶርስሃቭን ወደብ ስትቀርብ ስልኮች ሁሉ ተንጫጩ። የቢሪታ ዝም አለ። ወደ መርከቧ አፍንጫ ሄዳ ነፋሱን በጀርባዋ ከልላ ጻፈች። «ለምን» ብላ ጀምራ አጠፋችው። «መቼ» ብላ ጀምራ እሱንም አጠፋችው። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦

«ሮይ፣ ትናንት ከባሕሩ ሆድ ውስጥ አንድ የሚያምር ነገር አየሁ፤ መጀመሪያ ልነግርህ የፈለግሁት አንተን ነበር። ለመሥሪያ ቤቱ እቀራለሁ ብዬ ነገ እነግራቸዋለሁ። ትመጣለህ ብዬ አይደለም የምቀረው። የጓሮውን የሩባርብ ተክል ከአረም አውጥቼዋለሁ፣ ዘንድሮ ማርማላታ ይወጣዋል። ደህና ሁንልኝ።»

ጥያቄ እንደሌለበት ደግማ አረጋገጠችና ላከችው። ስልኩ መልእክቱ መድረሱን አሳየ።

በኦላቭሶካ ዋዜማ ጀልባዎቹ ሰው ሲያራግፉ ዋሉ፤ ሮይ ከመካከላቸው አልነበረም። በጎቹ ከተራራ ወረዱ፣ ጨለማው ረዘመ፣ ቢሪታ እንዳለችው ቀረች፣ ሌላ ግን አልጻፈችም። ለዚያ መልእክት መልስ አልመጣም።