የዘጠኝ ጣሪያ ውሃ

"ውረድ ብያለሁ! አሁን ካልወረድክ መሰላሉን ነው የምነቀንቀው!"

ልብስ ሰፊው ግን አልወረደም። የጎረቤቱ የእትዬ ስድስት አጥር ላይ ባስደገፈው መሰላል ቆሞ፣ ከእሱ ጣሪያ ተነስቶ ወደ እሷ ጉድጓድ የሚወርደውን የፕላስቲክ ቱቦ በመጋዝ ይገዘግዛል። ነጩ ብናኝ ጠዋት ባሰጣችው አንሶላ ላይ ይረግፋል።

"እትዬ፣ አትቆጪ። ጣሪያው የኔ፣ ቱቦው የኔ። የራሴን ነው የምወስደው።"

"ምን አደረግኩህና?"

"ትናንት አንቺ ገበያ ስትሄጂ ጉድጓድሽን በገመድ ለካነው። አንድ ስንዝር ነው ከፍ ያለው! ዘጠኝ ጣሪያ ያለፈውን ክረምት ሙሉ ያወረደው ውሃ አንድ ስንዝር? የቀረው የት ገባ? ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን እኮ!"

ሰፈሩ እትዬ ስድስት ይላታል፤ ባሏ ትቶላት የሞተው ፔንሲዮን ስድስት ክፍል ስለሆነ ነው። ቱሪስቱ በበዛ ቁጥር የሚኖሩባት ደሴት ጉድጓድ ሁሉ ሌት ተቀን ሲመጠጥ፣ ባሕሩ ከሥር ሰርጎ ገባና የእሷም ውሃ ጨው ጨው አለ። አንዱ እንግዳማ "ሻወሩ ከባሕሩ አይለይም፤ ባሕሩ ግን በነጻ ነው" ብሎ ኢንተርኔት ላይ ጻፈባት። ከዚያ ወዲህ ከስድስቱ ክፍል ሁለቱ ከተያዘላት እሰየው ነው። አንድ ዓመት እንዲህ ከቀጠለ ቤቱን ከመሸጥ ሌላ መላ የላትም።

ለዚህ ነው የውሃ ቢሮዋ ወጣት ባለሙያ "ዝናቡን ከጣሪያችሁ ወደ ጉድጓድ መልሱት፤ መሬቱም ይጠጣ" ስትል ቀድማ እጇን ያወጣችው። እሷ ጉድጓዷን ሰጠች። የእሷን ጨምሮ የመንገዱ ዘጠኝ ቤት ጣሪያውን ሰጠ። አሸንዳ ተገጠመ፣ ቱቦ ተዘረጋ፣ ማጣሪያው በጠጠርና በአሸዋ ተሞላ።

እምቢ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዋርሳዋ፣ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም። ከመንገዱ ግርጌ፣ ወደ ባሕሩ ዝቅ ብሎ፣ መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል አለው። "እኔ ሬሳ ሲቀበር እንጂ ዝናብ ሲቀበር አይቼ አላውቅም" ብሎ ሳቀባቸውና "ውሃ ቀባሪዎች" የሚል ስም አወጣላቸው።

"የቀረው መሬት ውስጥ ነው!" አለች እትዬ ስድስት ወደ መሰላሉ አንጋጣ። "ጉድጓድ በርሜል መሰለህ እንዴ?"

"ቦቴውስ? በርሽ ላይ የውሃ ቦቴ ቆሞ ያየነው አንዴ ነው ሁለቴ? ሸጣዋለች እየተባለ ነው።"

ፊቷ በርበሬ መሰለ። ቦቴው የመጣው ሊጭን ሳይሆን ሊያራግፍ ነበር። ለእንግዶቿ ውሃ እየገዛች ነው የከረመችው፤ የሰው ሁሉ ዝናብ በግቢዋ እየገባ ውሃ ትገዛለች እንዳይሏት አፍራ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አሁን ብትናገር ማን ሊያምናት?

"ገዝቼ ነው!" አለች እንደምንም።

"ኧረ ባክሽ! ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ ውሃ መግዛት! ይህን ለሌላ ንገሪ።" ቱቦው ተቆርጦ ወደቀ።

እስከ ምሳ ሰዓት ሌሎች አራት ቤቶችም የየራሳቸውን ነቀሉ። የልብ ወዳጇ ዳቦ ጋጋሪዋ እንኳ ቱቦዋን ተሸክማ ስትወጣ ዓይኗን አላየቻትም። ከሌላው ሁሉ ይሄ አንገበገባት።

ከሰዓት በኋላ ያቺ የውሃ ቢሮዋ ባለሙያ ልጅ የጨው መለኪያዋን ይዛ መጣች።

"እንኳን መጣሽ፣ የኔ ልጅ! ሌባ ሊያደርጉኝ ነው፤ ለክተሽ ንገሪልኝ።"

ልጅቷ መለኪያውን ጉድጓዱ ውስጥ አወረደች፣ አወጣች፣ አነበበች። "ጨዉ ቀንሷል፣ እትዬ። ግን ትንሽ ነው።"

"ትንሽ? ዘጠኝ ጣሪያ አፍስሰን ትንሽ?"

"እስቲ ታች ያለውንም እንየው። አብረውኝ ይምጡ።"

ዋርሳዋ ሆቴል ጓሮ ደረሱ። ልጅቷ መለኪያውን አንዴ አወረደች፤ ቁጥሩን አላመነችውም መሰል፣ ጠርጋ ደገመችው። "እዚህ በግማሽ ቀንሷል" አለች። "መሬቱ ወደዚህ ያዘነበለ ነው። እናንተ ያስገባችሁት ውሃ ከሥር ከሥር እየሄደ አብዛኛው እዚህ ደርሷል። ከመሬት በታች አጥር የለም፣ እትዬ።"

ከጉድጓዱ አጠገብ ለእሷ ውሃ ሲያራግፍ የከረመው ያው ቦቴ ቆሞ ይሞላል። ሾፌሩ እትዬ ስድስትን ሲያይ አንገቱን በመስኮት አወጣ። "እንደምን ዋሉ፣ እትዬ! ለእርስዎም ላምጣ?"

ወይ ነዶ! የራሷን ዝናብ በገንዘቧ ስትገዛ ኖራለች!

ዋርሳዋ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ብቅ አለ። "እትዬ፣ በደህና ነው? ሰማሽ አይደል፣ ውሃዬ ጣፈጠ! እኔ እኮ ዕድሌ ነው።"

"ዕድልህ የኔና የጎረቤቶቼ ጣሪያ ነው!"

"እንግዲህ እኔ ና አላልኩት። በእግሩ መጣ" አለና ሳቀ።

ወደ ልጅቷ ዞረች። "ሕግ የለም እንዴ? ሽያጩን አስቁሚው እንጂ!"

"ሕጉ ገና ረቂቅ ነው፣ እትዬ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ" አለች ልጅቷ አንገቷን ሰብራ።

ቤቷ ስትደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ስምንት ወር የተጠበቀው ዝናብ ዱብ ዱብ ብሎ ጀመረና ወዲያው ዶፍ ሆነ። ከልብስ ሰፊው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ከተቆረጠው ቱቦ እየተንዠቀዠቀ፣ መንገዱን ይዞ ወደ ባሕሩ ይነጉዳል። ዓይኗ እያየ!

የራሷ ቱቦ ሥር ሄዳ ቆመች። መጀመሪያ የሚወርደው የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይደፋል፤ መዝጊያው ወደ ጉድጓዱ የሚዞረው ውሃው ሲጠራ ነው። ውሃው ጠራ። እሷ ግን አላዞረችውም። ብታዞረው የሚሄደው ለዚያ ለሚስቅባት ሰው ነው። ባታዞረው ደግሞ ባሕሩ እንደገና ይገባል፤ ለእሱም፣ ለእሷም፣ ስሟን ላጠፉት ለእነዚያም። መዝጊያውን እንደጨበጠች በንዴት አለቀሰች።

"አይ እኔ! አይ የኔ ነገር!" አለችና አዞረችው።

ከዚያ ኩሽና ገብታ ሁለት ባለ አሥር ሊትር ጀሪካን አንጠለጠለች፤ የባሏን የዝናብ ካፖርት ደርባ ቁልቁል ወረደች። ልብስ ሰፊው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ዝናቡን ያያል።

"በዚህ ዶፍ ወዴት ነው?"

"ውሃዬን ልቀዳ።"

"ከየት?"

ቁልቁለቱን ቀጠለች።

የሆቴሉ ዘበኛ "ዛሬ ሽያጭ የለም፣ እትዬ" ቢላትም አልፋው ገባች፤ ጀሪካኗን ከጉድጓዱ ቧንቧ ሥር ደቅና ከፈተችው። በረንዳው ላይ ቢራ የያዙ ቱሪስቶች ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

"እትዬ! ምን ማድረግሽ ነው?" ዋርሳዋ ጃንጥላ ይዞ ሮጦ መጣ። "ሂሳቡስ?"

"ሂሳቡን ከጣሪያዬ ተቀበል።"

አፉን ከፈተና እንግዶቹን አያቸው። በእነሱ ፊት በታላቅ ወንድሙ ሚስት ላይ መጮህ አልሆነለትም።

"ነገም እመጣለሁ" አለችው ሁለተኛውን ጀሪካን እየተካች። "ከነገ ወዲያም። ቱቦዬን አልነቅልም፤ አንተም ይህን ቧንቧ አትዘጋብኝም።"

ሁለቱን ጀሪካን ይዛ ዳገቱን ወጣች። ክንዷ ሊገነጠል ደረሰ። ለእንግዶቿ ቢያንስ አምስት ጊዜ መመላለስ ይቀራታል። ልብስ ሰፊው አሁንም ደጁ ላይ ነው። ልታልፈው አሰበችና ተመለሰች።

"ቅመሰው" አለችው። "ከዋርሳዬ ጉድጓድ ነው የቀዳሁት። ያንተም ጣሪያ አለበት።"

አንዱን ጀሪካን እግሩ ሥር አስቀምጣለት ሄደች።