ሦስተኛ ክፍል፣ አንድ ልጅ፣ አራት ጊዜ

ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ፣ በትንሿ ደሴት ትምህርት ቤት የጤና ክፍሉን የያዘችው መምህርት ቺዙሩ የወሩን የጤና ወረቀት ታባዛና ለሁለት ትከፍለዋለች። ወፍራሙ ክምር ለአሥራ ዘጠኙ ተማሪዎች ቤተሰቦች ነው፤ ልጆቹ በቦርሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ። የቀሩት አምስት ቅጂዎች በአምስቱ ሰፈሮች ዟሪ ማኅደር ውስጥ ይገባሉ። ማኅደሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የደረሰው ሰው አንብቦ፣ ከስሙ አጠገብ ማኅተሙን መትቶ፣ ለሚቀጥለው ቤት ያሻግረዋል። ውሃ የሚቋረጥበት ቀን፣ የመቃብሩ ሣር የሚታጨድበት ቀን፣ የጠፋ ድመት፣ ያረፈ ሰው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። የትምህርት ቤቱም ወረቀት እንዲገባ የጠየቁት የደሴቱ ሽማግሌዎች ናቸው። «ልጅ ከቤታችን ቢጠፋም ወሬው አይጥፋብን» ብለው።

ቺዙሩ ሐኪም አይደለችም። የተላጠ ጉልበት ታጥባለች፣ ቁመት ትለካለች፣ ትኩሳት ታያለች፤ አብዛኛውን ቀን የምታሳልፈው ግን በማዳመጥ ነው። ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ነው፤ ወደ ደሴቱ ከመጣች ስምንተኛ ዓመቷን ይዛለች። ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ቀይ ጨርቅ አንገቱ ላይ ከታሰረለት የሕፃናት ጠባቂ የድንጋይ ምስል ፊት ትቆማለች። ዝቅ ትልና አሥራ ዘጠኙን ስም ድምፅ ሳታሰማ ትጠራለች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። ሰዉ ሁሉ ስለሚያያት መንገሩም አላስፈለጋትም።

ከአሥራ ዘጠኙ አንዷ ናጊሳ ናት። ሦስተኛ ክፍል ነች፤ ሦስተኛ ክፍል ማለት እሷና ኮታሮ የሚባለው ልጅ ብቻ ናቸው። ግንቦት ከገባ ጀምሮ ናጊሳ ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሆዷን ይዛ ወደ ጤና ክፍል ትመጣ ነበር። ትኩሳት የላት፣ ማስመለስ የላት። ቺዙሩ አልጠየቀቻትም። በላስቲክ ከረጢት ሙቅ ውሃ ሞልታ፣ በፎጣ ጠቅልላ ሰጠቻትና ፋሻ መጠቅለሏን ቀጠለች። በሦስተኛው ሐሙስ ልጅቷ ራሷ ተናገረች።

«እማዬ ዛሬም በአራት ሰዓቷ ጀልባ ሄደች።»

«ወደ ከተማ?»

«ገበያ ነው የምትለው። ግን ከዘንቢሉ ሥር የትልቁ ሆስፒታል ፖስታ አለ። አይቼዋለሁ።» ፎጣውን ወደ ሆዷ አጥብቃ ሳበችው። «አያቴም እዚያ ነበር የምትሄደው። መጀመሪያ ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ከዚያ እዚያው ቀረች።»

አባቷ የጭነት መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፤ እስከ ነሐሴ አይመለስም። ቺዙሩ ወንበሯን አስጠጋች።

«ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ ቲቸር። እንዳወቅኩ ካወቀች ትፈራለች።»

«ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለች ቺዙሩ።

ይህን ማለት እንዳልነበረባት የዚያኑ ቀን ማታ ገባት። የልጅን ጭንቀት ከእናቱ መደበቅ የጤና ክፍል ሥራ አይደለም። ልጅቷን ቀስ ብላ ለማግባባት፣ አብረው ለእናቷ እንዲነግሯት ለመለመን አሰበች። ትንሽ ቀን ይለፍ ብላ ለራሷ ነገረች። እንዲህ እንዲህ እያለች ሰኔ ገባ።

በሰኔው ወረቀት ላይ ቺዙሩ ስለ ጥርስ ጻፈች፣ ስለ ክረምቱ ዝናብና ስለሚያንሸራትተው ደረጃ ጻፈች፤ ግርጌው ላይ እንደ ልማዷ ሠንጠረዧን አደረገች። በወሩ ውስጥ ወደ ጤና ክፍል የመጡት በየክፍላቸው፣ በየሕመማቸው ተቆጥረው። ይህን ሠንጠረዥ የተማረችው አራት መቶ ልጅ ባለበት የከተማ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ «ሦስተኛ ክፍል፣ የሆድ ሕመም፣ አንድ ልጅ፣ አራት ጊዜ» ብሎ መጻፍ ባሕር ላይ ጠብታ እንደ መጣል ነው። እዚህም ስምንት ዓመት ስትጽፈው ሰው ሁሉ «የእገሌ ልጅ ጉንፋን ያዘው» ብሎ አንብቦ ሲስቅ ኖሯል። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። በሰኔውም ላይ ይህንኑ መስመር እጇ ለምዶ ነው የጻፈው።

ረቡዕ ጠዋት ኮታሮ በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

«ቲቸር! እኔ አይደለሁም ብለው ይጻፉልኝ!»

«ምኑን ነው የማትሆነው?»

«የሆዱን! አያቴ ወረቀቱን አንብባ ከሰኞ ጀምሮ የሩዝ ገንፎ ብቻ ነው የምታበላኝ! አይስክሬሜን ለአጎቴ ሰጠችው! በአንድ ቁጭታ ጨረሰው!» እንባው ሊመጣ ነበር። «ሆዴ ድንጋይ ይፈጫል አልኳት። 'አንተ ካልሆንክ ማን ነው?' አለችኝ። ሦስተኛ ክፍል ሁለት ነን። ቀላል ሒሳብ እኮ ነው ቲቸር!»

«እና ምን አልካት?»

«ናጊሳ ናት አልኳት።»

ቺዙሩ ይዛው የነበረውን ጠርሙስ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ከምሳ በፊት ከደሴቱ አዛውንቶች አንዷ፣ እማማ ፉሳኤ፣ ደረሱ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዳገቱን ለመውጣት ሁለት ጊዜ ቢቀመጡም በእጃቸው ያለውን ማሰሮ አላስቀመጡትም።

«ይኼ ለዚያች ልጅ ነው። የአምና ፕሪም ነው፣ በጨው የተቀመጠ። አንድ ፍሬ ጠዋት፣ አንድ ፍሬ ማታ።»

«ለየትኛዋ ልጅ እማማ?»

«ተይኝ እንጂ! ማኅደሩ እኔ ዘንድ ሲደርስ አሥራ አንድ ማኅተም ተመቶበት ነበር። አሥራ አንዱም ያወቀውን እኔ ላላውቅ ነው? ያረጀው ጉልበቴ ነው።» ላባቸውን ጠረጉ። «ለእናቷም ነገርኳት፤ ዛሬ ዓሣ ስትገዛ። 'የልጅሽ ሆድ ተሻለው ወይ?' ብላት ዓሣውን ጥላ ሄደች። እኔ ወሰድኩላት።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሚሆ፣ የናጊሳ እናት፣ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ወንበር ሲቀርብላት አልተቀመጠችም።

«ስምንት ዓመት የማውቅዎት ሰው ነዎት» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ልጄ በአንድ ወር አራት ጊዜ ታማ፣ እኔ ከዓሣ ሻጭ ፊት ነው የምሰማው? ወረቀቱንም ናጊሳ አላመጣችልኝም። ጠየቅኳት። አንብባው ባሕር ውስጥ ጥላዋለች።»

ይህን ስትሰማ ቺዙሩ ከመጀመሪያውም ይበልጥ አፈረች። እንግዲያው መጀመሪያ ያነበበችው ልጅቷ ናት። ከጀልባ ማረፊያው ላይ ብቻዋን ቆማ፣ ራሷን በሠንጠረዥ ውስጥ አግኝታዋለች።

ቺዙሩ ግንባሯ ጉልበቷን እስኪነካ ዝቅ አለች፤ ቶሎም አልተነሣችም። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ለእርስዎ መንገር ሲገባኝ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ሲገባኝ ደግሞ ለደሴቱ ሁሉ ነገርኩ።»

«ለምንድን ነው የሚያማት?»

«ለእሷ የገባሁት ቃል ነበር። ግማሹን አፍርሼዋለሁ። የቀረውን ከራሷ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።» ትንሽ አሰበች። የእናትየው ፊት እየነጣ ነበር፤ እንዲህ አድርጎ መሸኘት ጭካኔ ሆነባት። «አንድ ነገር ብቻ ልበልዎት። የምትመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው።»

ሚሆ የመስኮቱን መጋረጃ አየች፤ ከዚያ እጇ ሳታስበው ወደ ሆዷ ሄደ። አሁን ተቀመጠች።

«ፖስታውን አይታዋለች» አለች።

ቺዙሩ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«ካቻምና አንድ ጽንስ ወርዶብኛል። ናጊሳ ያኔ ስም ሁሉ አውጥታለት ነበር። ስለዚህ አሁን አምስተኛው ወር ገብቶ፣ የነፍሰ ጡር የወገብ መቀነቱ በቤተ መቅደስ ተባርኮ እስኪታሰርልኝ ድረስ አልነግራትም ብዬ ነው። ሐኪሙ በየሳምንቱ ልይሽ አለኝ። ገበያ ነው እያልኩ...» አፏን በመዳፏ ያዘች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ለራሷም የታወቃት አትመስልም። «እሷ እኮ እየሞትኩ ነው ብላ ነው! የእኔ ልጅ! እኔ ታናሽ ላመጣላት፣ እሷ ለቅሶ ተቀምጣ!»

ቺዙሩ መሃረብ ሰጠቻት፤ ሚሆም ያንኑ ማታ ለናጊሳ ነገረቻት።

በማግሥቱ ሐሙስ ነበር። ጠዋት በየክፍሉ ስም ሲጠራ ልጆቹ እንዴት እንዳደሩ ይመልሳሉ፤ መልሱ የተጻፈበት ወረቀት ወደ ጤና ክፍል ይመጣል። ናጊሳ፣ «ደህና ነኝ»። ቺዙሩ ከምሳ በኋላ ሙቅ ውሃውን አዘጋጅታ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ያም ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ሆዱ ድኗል ማለት ነው። ነገር ግን ልጅቷ በኮሪደሩ ስታልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ከኋላዋ ኮታሮ «ወይዘሮ ሐሙስ! ወይዘሮ ሐሙስ!» ይላል፤ ከገንፎው ስለተገላገለ ጉልበት አግኝቷል።

ስለዚህ ቺዙሩ ልጆቹ ትምህርት ቤቱን በሚያጸዱበት ሰዓት ጨርቅ ጨምቃ፣ ኮሪደሩን በጉልበቷ ተንበርክካ ከምትወለውለው ልጅ ጎን ተንበረከከች። ጥቂት የወለል ጣውላ አብረው ወለወሉ።

«ናጊሳ፣ ቃሌን አፍርሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አይወጣም ብለው ነበር።»

«ብያለሁ።»

«አስበው ነው?»

«አይደለም። ሳላስብ ነው። ማሰብ ግን ሥራዬ ነበር።»

ልጅቷ ጨርቋን ባልዲው ውስጥ ነከረች። «እማዬ ልጅ ልትወልድ ነው።»

«ነገረችኝ።»

«የጀልባው ካፒቴን ያውቅ ነበር። ዓሣ ሻጩም ያውቅ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት።»

«እኔም አላወቅኩም ነበር።»

ናጊሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «እውነት?»

«እውነት።»

ይህንን ጥቂት አሰበችበት። ከዚያ ባልዲውን አንሥታ፣ «ቢሆንም» አለችና ሄደች።

ቺዙሩ «ቢሆንም» ትክክለኛ መልስ እንደሆነ ታውቃለች። አልተከተለቻትም። ጠዋት በበሩ ላይ ስሞቹን ስትጠራ ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ ትንሽ ትቆያለች፤ ሌላ ያደረገችው ነገር የለም። በሥራዋ ግን አንድ ነገር ለወጠች። የሐምሌውን ወረቀት ረቂቅ ከመባዛቱ በፊት ከጤና ክፍሉ በር ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ፣ ከቀይ እርሳስ ጋር አስቀመጠችው። በወሩ ውስጥ የመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ያነባል፤ ስለ እሱ የተጻፈውን ካልወደደ ይሰርዛል።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ኦኩዳ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አነበቡት። «ሠንጠረዡ የት ገባ? አባቴ እንኳ ቁጥሩን ነው መጀመሪያ የሚያየው።»

«ቁጥሩ እዚህ ስም ሆኖ ነው የሚነበበው፣ ጌታዬ።»

«እሱስ ልክ ነው። ግን ወረቀት ለማውጣት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ፈቃድ ልንጠይቅ ነው?»

«ወሬው የእነሱ ነው። ለቤተሰብ ሊነገር የሚገባው አንድም አይቀርም፤ እሱን ራሴ ሄጄ፣ ልጁን ይዤ፣ በራቸው ላይ እነግራለሁ። ሌላውን እነሱ ይዩት።»

አቶ ኦኩዳ ቀይ እርሳሱን አንሥተው አንድ የፊደል ስሕተት አርመው ሄዱ። ፈቃድ መሆኑ ነው።

ልጆቹ መጡ። አንዱ «ንብ ነደፈው» የሚለውን ሰርዞ «ትልቅ ንብ» አለ። ኮታሮ ሆዱ በዓመት ውስጥ አንድም ቀን ታሞ እንደማያውቅ የሚገልጽ አራት መስመር ጨመረ፤ ቺዙሩ ወደ አንድ አሳጠረችው። ናጊሳ አልመጣችም። አንድ ሐሙስ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ።

ወረቀቱ ሊባዛ ስድስት ቀን ሲቀር፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። ናጊሳ አፏን ገጥማ ገባች፣ መዳፏን ዘረጋች። ጥርስ ነበር፣ ከነደሙ።

«በራሱ ነው የወለቀው?»

ልጅቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ተጉመጥምጣ፣ ጥጥ ነክሳ፣ ረቂቁን ከአግዳሚው አምጥታ አልጋው ላይ ተቀምጣ አነበበችው። ቀስ ብላ ነው የምታነበው። አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«እዚህ ጋ 'አንዳንድ የሦስተኛ ክፍል ልጆች መዋኛ ላይ ያለ ፎጣ ቆመው በረዳቸው' ይላል።»

«አዎ።»

«ሁለት ነን እኮ። አንዳንድ የሚባል ሰው የለንም።» ቀዩን እርሳስ አነሣች። «እኔ ፎጣ ነበረኝ። ኮታሮ ነው።»

«እንግዲያው እሱ ይወስን።»

ይህ አልጣማትም፤ ቢሆንም እርሳሱን መለሰችው። ከዚያ ጥጡን ከአንዱ ጉንጯ ወደ ሌላው አዛውራ፣ «የእኔ ጥርስ ይጻፍ» አለች።

«ምን ተብሎ?»

«ናጊሳ ተብሎ። ሙሉ ስሜ። እማማ ፉሳኤ እንዲያዩት። እሳቸው የሚነቀል ስለሌላቸው ይቀናሉ።»

ቺዙሩ ሳቋን ይዛ ጻፈችው፣ ለልጅቷም አሳየቻት። ናጊሳ ስሟን ሁለት ጊዜ አንብባ ተስማማች። ለመሄድ ግን አልተነሣችም። እግሮቿን ከአልጋው ጫፍ ላይ ታወዛውዛለች። ከውጭ ልጆቹ ወደ መዋኛው ሲሮጡ ይሰማል።

«ቲቸር።»

«ወዬ።»

«ሌላም ነገር አለኝ። እሱ ግን አይጻፍም።»

ቺዙሩ ወረቀቱን ገልብጣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ወንበሯንም ወደ አልጋው አስጠጋች።