የቆርቆሮው ዱቄት

ልብስ ሰፊዋ እህቷን በሆድ ዕቃ ካንሰር ከቀበረች ወዲህ ስለ ምግብ የተጻፈ የማታነበው ነገር አልነበረም። እህቷን ለዚያ የዳረጋት ምን እንደሆነ ሐኪሞቹ እንኳ አልነገሯትም፤ እሷ ግን ከሱቅ በሚገዛው እሽግ ሁሉ ላይ ፈርዳ ጨርሳለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ማን ይፈርድባታል? «ኦርጋኒክ» የሚል ካላየች፣ ወይም ገበሬውን ራሱን አፋጥጣ ካልጠየቀች፣ አንዲት ድንች ዘንቢሏ ውስጥ አትገባም። ቀለም ቀቢው ባሏ ከገበያ ስትመለስ «የጤና ሚኒስትሯ መጡ!» እያለ ይስቅባት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እሱም በዚያው በሽታ ተያዘ።

ሆስፒታሉ መድኃኒቱን በየተራ ይሰጠው ጀመር፤ በመሀል እንዳይደክም ደግሞ በወተት ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት በቆርቆሮ ሰጡት። ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አድርጋ የቆርቆሮውን ጀርባ አነበበች። ዘረ መሉ ከተለወጠ አኩሪ አተር የተሠራ ነው ይላል። ባሏ ሲተኛ ዱቄቱን ደፋችው፤ ቆርቆሮውን አጥባም ራሷ ቆልታ ያስፈጨችውን ኦርጋኒክ አጃ ሞላችበት። መዋሸቷን አልሳተችውም፤ ግን እያዳነችው መስሏታል። ጠዋት ጠዋት ስትሰጠው እሱም ጭልጥ አድርጎ ይጠጣል።

በቀጠሮው ቀን ሲስተሯ ሚዛን ላይ ስታቆመው ፊቷ ተለወጠ። ዶክተሩም «በዚህ ክብደት ቀጣዩን መድኃኒት ሰውነትዎ አይችለውም፤ ልናቆመው ነው» አለ። «ዱቄቱን በደንብ እየወሰዱ ነው?»

«አንድም ቀን አላጓደልኩ» አለ ቀለም ቀቢው።

ልብስ ሰፊዋ አጠገቡ ቆማ ትሰማ ነበር። ዝም ብትል ባሏን ማጣቷ ነው፤ ብትናገር ደግሞ ከእንግዲህ ከእጇ ውኃ እንኳ የሚቀበል አልመሰላትም።

«ዱቄቱን ደፍቼ በአጃ የለወጥኩት እኔ ነኝ ዶክተር፤ እሱ አያውቅም» ብላ ምርር አድርጋ አለቀሰች።

ዶክተሩ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «አጃው አልጎዳቸውም፤ ብቻውን ግን አይበቃቸውም። ያስፈራዎትን ሁሉ ይጠይቁኝ፣ እንነጋገራለን። ክብደታቸው ከተመለሰ መድኃኒቱን እንቀጥላለን» ብሎ ሌላ ቆርቆሮ ሰጣት።

ቤት ገብተው ዱቄቱን በጠበጠችለት። ብርጭቆውን ይዛ ግን ቆማ ቀረች።

«ስጪኝ እንጂ።»

«ስዋሽህ ከረምኩኮ!»

«ከመጀመሪያው ጉንጭ ጀምሮ አውቄዋለሁ። ሆስፒታል ያቀመሱኝ ይጣፍጥ ነበር፤ ያንቺው የግድግዳ ቀለም ነው።»

አልሳቀችም። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እህትሽ ከሞተች ወዲህ ፊትሽ ሲፈታ ያየሁት እሱን ስትበጠብጪልኝ ብቻ ነው። እንዴት ብዬ ልከልክልሽ?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ዛሬ ሚዛኑ ላይ ስቆም ግን ፈራሁ። መኖር እፈልጋለሁ።»

ብርጭቆውን በሁለት እጇ ደግፋ አፉ ላይ ያዘችለት።