በትንፋሽ የተባለ አዎ

ውብዳር የምስክርነት ቃሏ የተጻፈበትን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሦስቴም ያው ነው። «በፊልም ቁጥር 418 ላይ ስንጥቅ አይተው ነበር?» ይላል። ከሥሩ «ምስክሯ መልስ አልሰጡም።» «ለአለቃዎ ተናግረው ነበር?» ከሥሩ አሁንም «ምስክሯ መልስ አልሰጡም።» ሰባት ጥያቄ፣ ሰባት «መልስ አልሰጡም»።

«ውሸታሞች!» ብላ ጮኸች፣ ሳን ሆዜ በተከራየቻት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቆማ። ደሟ ፈላ።

ቢፈላ አይፈረድባትም። ውብዳር ከአዲስ አበባ በፊዚክስ ተመርቃ የመጣች፣ ለኑክሌር ማመንጫዎች ቧንቧ በሚበይድ ፋብሪካ የተቀጠረች ሴት ናት። ሥራዋ የብየዳውን ራጅ ማየት ነው። ሐኪም የሰው አጥንት እንደሚያይ፣ እሷ ብረት ታያለች። ከሁለት ዓመት በፊት በፊልም ቁጥር 418 ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አግኝታ «አይለፍ» ብላ ፈረመች። አለቃዋ ሚስተር ዶኔሊ ግን ገዢው ቸኩሏል ብሎ፣ እሷ እምቢ ስትል በራሱ ፊርማ አሳለፈው። ባለፈው በጋ፣ በፈረንጆቹ 1975 መሆኑ ነው፣ ያ ቧንቧ በአንድ ሩቅ ማመንጫ ውስጥ ፈነዳ። የጋለው እንፋሎት ሁለት ሠራተኞችን ገደለ። የአካባቢው ሰው ልጁን አንጠልጥሎ ከቤቱ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ነው የቤይ ኤሪያ አውራጃዎች ያቋቋሙት የኃይል ኮሚሽን ኦክላንድ ላይ የተሰበሰበው። ለመጪዎቹ ሃያ ዓመታት ቅድሚያ ለምን ይሰጥ? ባሕር ዳር ለታቀደው አዲስ የኑክሌር ማመንጫ ነው ወይስ ብክነትን ለመቀነስ፣ ለፀሐይና ከምድር ለሚወጣው እንፋሎት? ሰው ሞቶም፣ መንደር ተሰዶም፣ የቅደም ተከተሉ ረቂቅ ላይ ማመንጫው ከአንደኛ ተራው ንቅንቅ አላለም። የፋብሪካው ጠበቃ «ስንጥቁን ያየ ሰው የለም፤ አደጋው የዕድል ጉዳይ ነው» አለ። ሚስተር ዶኔሊም በእንግሊዝኛው ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ማለ። ያየች ሰው ግን ነበረች። ተጠራች፣ ተጠየቀች፣ መለሰችም። ወረቀቱ ነው አልመለሰችም የሚለው።

ፍስሐ ዘንድ ደወለች። ፍስሐ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ነው፤ ኦክላንድ ውስጥ ታክሲ እየነዳ ኢኮኖሚክስ ይማራል። የመሰከረች ዕለት ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጦ ነበር።

«ፍስሐ፣ ሰምተኸኛል አይደል? ለሁሉም ኩዌስችን አዎ ነው ያልኩት!»

«ሰምቼሻለሁ። ግን በአፍሽ ነው ወይስ በትንፋሽሽ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ቆይ። አሁን ቤት ነሽ?»

ውብዳር ሳታስበው ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

«ይኸው!» አለ ፍስሐ። «እኔ አዎ ብለሽ ሰማሁ። ያቺ ታይፕ የምታደርገው ሴትዮ ምን ትጻፍ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ያንቺ ደግሞ የትንፋሽ ወለምታ ነው።»

«አትቀልድ፣ ሰው ሞቷል!»

ፍስሐ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አልቀለድኩም። ዓርብ ቮት ያደርጋሉ። ሬኮርዱ ላይ ከሌለ የለም ነው። ኦፊሳቸውን አሁኑኑ ኮል አድርጊ።»

ስልኩን ዘግታ አፈረች። እናቷ ትልቅ ሰው ፊት ድምፅ ከፍ አይደረግም ብላ ነው ያሳደገቻት። ያን ቀን ከፍ ባለው ወንበር ላይ ዘጠኝ ሽበታም ሰዎች ተደርድረው ስታይ፣ አዎታዋ ሁሉ በአክብሮት ወደ ውስጥ ገባ። ኀፍረቱ ግን ብዙ አልቆየም። እሺ፣ እሷ ተሳስታለች። አንዲት ምስክር ሰባት ጊዜ ዝም ስትል «ምነው?» የሚል አንድ ሰው ይጠፋል? ዝምታዋ ተመችቷቸው ነዋ!

ቢሮው ስትደውል የሚታረመው የፊደል ግድፈት ብቻ ነው አሏት። ፊደል ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ይታረም ነበር፤ እውነት ሲሳሳት ግን ቅጽ የለውም። ዓርብ ጠዋት ሥራዋን ትታ በሃይዌይ 17 ወደ ኦክላንድ ነዳች።

ከአዳራሹ በር ላይ ቃል ጸሐፊዋን አገኘቻት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት።

«ትንፋሽዎን ሰምቼዋለሁ» አለቻት ሴትዮዋ። «የደነገጡ መስሎኝ ነው። ደግሞስ የጽሕፈት መኪናዬ ለትንፋሽ ቁልፍ የለውም።»

ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ማንኛውም ነዋሪ ሁለት ደቂቃ መናገር ይችላል። ውብዳር ተነሣች። ወረቀቱን ዘረጋችና ጥያቄዎቹን ራሷ እያነበበች ራሷ መለሰች።

«ስንጥቅ አይተው ነበር? አዎ! ለአለቃዎ ተናግረው ነበር? አዎ! አለቃዎ እያወቁ አሳለፉት? አዎ!»

ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ድምጿ የኋላውን ግድግዳ መታ። ሚስተር ዶኔሊ ጫማውን ያይ ነበር።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?»

«ዝም አላልኩም! በአገሬ ልማድ በትንፋሽ አዎ ብያለሁ። አለማወቃችሁን አልወቅስም። ግን ሰባት ጊዜ ዝም ያልኩ ሲመስላችሁ አንዳችሁ እንኳ ደግማችሁ አልጠየቃችሁኝም። ሁለት ሰው ሞቶ ለእናንተ የተራ ቁጥር ነው እንዴ?»

ከረድፉ ጫፍ የተቀመጡት አዛውንት ኮሚሽነር ረቂቁን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት። «ይህ ቃል መዝገብ ከገባ» አሉ፣ «እኔ ማመንጫውን አንደኛ ተራ ላይ አላስቀምጥም።» አጠገባቸው ያሉት ሁለቱም ብዕራቸውን አስቀመጡ።

ጠበቃው ይህን አይቶ ተነሣ፤ ፈገግታው የወዳጅ ነው የሚመስለው።

«ወይዘሪት፣ አሁንም ቃልዎን ማንሣት ይችላሉ፤ ምንም እንዳልተባለ ይሆናል። ካላነሡት ግን ሰኞ ወደ ፋብሪካው አይመለሱም። የመኖሪያ ፈቃድዎም በዚህ ሥራ የተያዘ ነው። ይህን ሁሉ እያወቁ በቃልዎ ይጸናሉ?»

ውብዳር ፈራች። ያ የለመደችው ትንፋሽ ከደረቷ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሊሳብ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ቃል ጸሐፊዋ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ እንዳንሳፈፈች ቀና ብላ አየቻት።

ውብዳር ትንፋሹን ዋጠችው።

«የስ!» አለች።

የቃል ጸሐፊዋ ጣቶች ወረዱ፤ ቁልፎቹ ቀጭ ሲሉ ሁሉም ሰማ።