ከወይዘሮ አይዴላ ሸንተረር የወሰድናቸው ተርኪዎች

በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ በክፍለ ግዛቱ የዱር እንስሳት ቢሮ ተቀጥሬ ስሠራ፣ በአሜሪካ ኦዛርክ ተራሮች ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የዱር ወፍ ለማየት የታደለ ሰው ጥቂት ነበር። አባቶቻችን ክረምት ከበጋ፣ እንቁላል ላይ የተቀመጠችውን ሳይቀር ተኩሰው ጨርሰውታል። አደን ከተከለከለ ሃያ ዓመት ቢያልፍም ወፎቹ አልተመለሱም። ከወይዘሮ አይዴላ ክራምፕ ቤት ጀርባ ባለው ሸንተረር ላይ ግን ሠላሳ የማይሞሉ ቀርተው ነበር። ባላቸው ሆመር ዕድሜ ልኩን ጠበቃቸው። እሱ ሲሞት ጠመንጃውን አንስተው በረንዳ ላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

በጥር ወር ሄጄ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ስንት ነው የምትወስደው?» አሉኝ።

«አሥራ ሁለት።»

«አሥራ ሁለት! ለምን ጥርሴንም አብረህ አትነቅልም?»

«እዚህ ብቻ ከቀሩ አንድ በሽታ ሊጨርሳቸው ይችላል፣ ወይዘሮ አይዴላ። ሌላ ቦታም ዘር ይኑራቸው ብለን ነው።»

«ሆመር ቢኖር በዱላ ያባርርህ ነበር።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እያሰብኩ ነው። ዝም ብለህ የበቆሎ ዳቦህን ብላ።»

ዳቦውን ስጨርስ እሺ አሉኝ። ወፎቹ የሚያምኑት እሳቸውን ስለነበር በቆሎውን ሦስት ሳምንት ሙሉ የበተኑት ራሳቸው ናቸው። በመጨረሻው ጠዋት በባሩድ የሚወነጨፈውን መረብ ለቀቅነው። ሦስት ወንድና ዘጠኝ እንስት ተያዙ። የቀሩት ግን በፍንዳታው ደንግጠው ሸንተረሩን ተሻግረው ጠፉ።

«ይመለሳሉ» አልኳቸው። አምኜበት ነው ያልኩት።

በዚያ ጸደይ አልመጡም፤ በሚቀጥለውም እንደዚሁ። ከወንዙ ማዶ የታዩት ጥቂቶችም የት እንደገቡ አልታወቀም። በየሚያዝያው ስሄድ ወይዘሮ አይዴላን እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው በረንዳው ላይ አገኛቸዋለሁ።

«ዛሬስ?» እላለሁ።

«ዝም ነው» ይሉኛል። አንድም ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ እያለ ሰባት ዓመት ሆነ። ወደ ምሥራቅ ወስደን የለቀቅናቸው አሥራ ሁለቱ ተራብተው ስድስት መቶ አለፉ፤ ቢሮውም በዚያ ወረዳ የመጀመሪያውን የጸደይ አደን ፈቀደ። ሦስት ቀን ብቻ፣ እስከ እኩለ ቀን፣ ለአንድ ሰው አንድ ወንድ። እንስት አይነካም። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው።

ጠመንጃውን ከጉልበታቸው አንስተው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ከዚያ፣ «ከመግደላችሁ በፊት ውሰደኝ» አሉኝ።

በፒካፕ አራት ሰዓት ነድቼ ቨርሊን ስትራውድ የሚባል ገበሬ ቤት አሳደርኳቸው። ቨርሊን ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። ሊነጋጋ ሲል ሦስታችን እርሻው ዳር አጥሩን ተደግፈን ቆምን። ጫካው ውስጥ አንድ ወንድ ተርኪ ጮኸ፤ ያ ከጉሮሮ እየተንከባለለ የሚወጣ ድምፅ። ሌላው ከማዶ መለሰለት። ወይዘሮ አይዴላ እጅጌዬን ጨምድደው ያዙ።

«ሆመር» አሉ ቀስ ብለው።

ቨርሊን ደስታው አሸንፎት ከደረት ኪሱ የአደን ፈቃዱን አወጣ። «የዛሬ ሳምንት አንዱ የእኔ ነው!»

«በእኔ በቆሎ ያደገ ዘር ነው፣ አንተ!» አሉ ዞር ብለው።

ቨርሊን ባርኔጣውን አወለቀ። «እመቤቴ፣ በዚህ ወረዳ የመጨረሻዋን ተርኪ የገደለው አባቴ ነው። እንቁላሏን ታቅፋ ነበር። ወጣት ሳለ እየሳቀ ያወራው ነበር፤ ሲያረጅ ወሬውን ተወ። እኔ ይሄን ድምፅ ሃምሳ ዓመት በወሬ ነው የማውቀው። የእንስቷን ድምፅ አስመስሎ መጥራት እንኳ የሚያሳየኝ ሰው አላገኘሁም።»

ወይዘሮ አይዴላ አዩት፣ አዩት። «እስቲ ጥራ።»

ጠራ።

«ይሄ የታነቀ ድመት ነው» አሉ። ከዚያም በገዛ ጉሮሯቸው፣ ለስለስ አድርገው፣ እንደ እንስቷ ጠሩ። ማዶ ያለው ወዲያው መለሰ። ደጋግመው ጠሩት። ጥቂት ቆይቶ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ከዛፎቹ መሀል ወጣ፤ ሠላሳ እርምጃ ያህል ቀርቦን ቆመ። ቨርሊን ጠመንጃ አልያዘም፤ ባርኔጣውን ይዞ ከአጥሩ ኋላ ዝቅ አለ። ተርኪው የጠራችውን ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣት ተመለሰ።

«እንስቷን ብትነካ ግን መጥቼ አንተኑ ነው እንደ አውሬ የማድንህ» አሉት።

«ሕጉም አይፈቅድለትም» አልኩ እኔ።

«ከሕጉ ጋር አላወራሁም።»

ስንመለስ መንገድ ላይ ያሰብኩትን አወጣሁ። «ከእነዚህ አሥር ያህል ይዘን ወደ እርስዎ ልንመልስ እንችላለን።»

መስኮቱን ዝቅ አድርገው ወደ ኋላ የቀረውን ጫካ ተመለከቱ።

«መረቡ ሲፈነዳ የቀሩት እንዴት እንደጠፉ አይተሃል፤ የሰውዬውም እንደዚያ ይጠፋሉ» አሉ። «ሰውዬው ሃምሳ ዓመት ጠብቋል። እኔ ገና ሰባት ዓመት ነው የጠበቅኩት። ተወው።»

ቨርሊን በአደኑ በሦስተኛው ቀን አንድ ወንድ ተርኪ ጠርቶ ገደለ። የጻፈውን ደብዳቤ ይዤላቸው ሄድኩ፤ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር እኔ አነበብኩላቸው። ስለ ጥብሱ የጻፈውን «እለፈው» አሉኝ። ተርኪው ሳይታይ ገና ከሩቅ ለጥሪው የመለሰበትን ቦታ ግን ሦስቴ አስደገሙኝ።

ከዚያ በኋላ አራት ጸደይ ኖሩ። ሸንተረራቸው እስኪሞቱ ድረስ ዝም እንዳለ ነበር። እኔ አሁንም ሚያዝያ በመጣ ቁጥር በሌሎች ሰዎች ሸንተረር ላይ እየቆምኩ ድምፅ እቆጥራለሁ፤ ቁጥሩም ዓመት ከዓመት ይጨምራል። ቁጥሩን ጽፌ ለቢሮው ከመላኬ በፊት ለእሳቸው መንገር ያምረኛል።